ሳይመረመር የተፈረደበት ግድግዳ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ግድግዳ ነው። «ስንት ጉዳይ በሞላበት አገር ስለ ግድግዳ?» የሚለኝ ቢኖር አልቀየመውም፤ እስከ መጨረሻው ታግሶ እንዲከተለኝ ብቻ እጠይቀዋለሁ።

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን የተቀመጥንበት ወንበር ሲወዛወዝ የተሰማን ዕለት ነበር። ማዕከሉ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የነበረው ያ ርዕደ መሬት በሬክተር መለኪያ 4.9 ነበር። የፎቅ ነዋሪዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ሲወርዱ፣ እኔ ስልክ የደወልሁት አራዳ ውስጥ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ለሚኖሩት አክስቴ ነው።

«አክስቴ፣ ወጥተዋል?» አልኋቸው።

«ወዴት ልውጣ ልጄ? ብርድ ነው። ደግሞስ ይህ ቤት ስንቱን አሳልፏል!» አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና በመልሳቸው ተጽናናሁ። መቶ ዓመት ገደማ የቆመ ቤት ዛሬ ምን ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ወደዚያ እንቅልፍ ኋላ እመለሳለሁ።

የዚህን ቤት ዓይነት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ምድር ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። ላይኛው ክፍል በአብዛኛው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ የዛገ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ግንብ ግን እስከ ላይ ድረስ ድንጋይ ሆኖ ከጣሪያውም ከፍ ብሎ፣ ልክ ከመግቢያው በር አናት ላይ እንደ ዘውድ ቆሟል። ያን ዘውድ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።

ከመስከረሙ ንቅናቄ በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላኩ ሰው መጡ። ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ አምስት ደቂቃም አልቆዩም። «ምንም አልሆነም፤ በሰላም ኑሩ» ብለው ሄዱ። ወራት አለፉ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነ፣ በዚያ ተከታታይ ንቅናቄ ከተመዘገቡት ሁሉ የበረታው ርዕደ መሬት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች መጡ። እነዚህ ወደ ውስጥም አልገቡ። ከመንገድ ላይ ቀና ብለው አይተው፣ «ይህ ቤት ለነዋሪ አደገኛ ነው» ብለው በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ሄዱ። የመጀመሪያውም ሆኑ የኋለኞቹ ቱምቢ አልጣሉም፤ ልስን አልፋቁም፤ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ከሁሉም የሚከፋው፣ አንድ ወረቀት እንኳ አልሰጡም።

አክስቴ ምልክቱን በጣታቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ በእነዚህ ወራት የተለወጠው ግድግዳው ነው ወይስ ሰዎቹ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ምናልባት የየካቲቱ ንቅናቄ ግድግዳውን ጎድቶት ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያየው ሰው ሲኖር ነው። ግድግዳውን ያየው ሰው አልነበረም። ነጻ ያወጡትም የፈረዱበትም ሳያዩት ነው።

ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከአክስቴ ጥያቄ ነው።

*የመቶ ዓመት ምስክርነት*

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ስሕተት ላስቀድም። «መቶ ዓመት ቆሟል» የሚለው ክርክር የእኔም ክርክር ነበር። ለአሮጌ ቤቶች የምንሟገት ሰዎች በቅድሚያ የምንመዘው ሰይፍ ይኸው ነው። እስቲ ስለቱን እንፈትሸው። ለመሆኑ እነዚህ ቤቶች ምን ዓይነት ፈተና አልፈው ነው የቆሙት?

ስለ አገራችን ርዕደ መሬቶች ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን ያቆየልን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋመው ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ ሰብስቦ አስቀምጧል። ከዚያ ታሪክ እንደምንረዳው፣ አዲስ አበባን አጥብቆ ካስደነገጧት መካከል አንዱ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ነው። በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ «ጥንታዊ» ከምንላቸው የአራዳ የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ አልተሠሩም ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራረሰ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ተደመሰሰች። እነዚህ ሁለቱ ለአዲስ አበባ ሩቅ ነበሩ። የ2017ቱም ማዕከሉ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የነበረ ነው። ስለዚህ «ቤታችን ፈተናውን አልፏል» ስንል፣ ያለፈው የሩቁን ፈተና ነው። የቅርቡ ገና አልቀረበለትም።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ልጨምር። የቆመው ቤት ያው የተሠራው ቤት አይደለም። ቆርቆሮው ሲያፈስ ስንት ክረምት ውሃው በግንቡ ውስጥ ወርዶ የድንጋዩን ማያያዣ ጭቃ አጥቦታል። አንዱ ተከራይ ሱቅ ሲከፍት ከመንገዱ በኩል ያለውን ግንብ ሰብሮ ሰፊ በር አውጥቷል። ሌላው ክፍሉ ጠበበኝ ብሎ የውስጡን ግድግዳ አንሥቷል። ሦስተኛው ከላይ መጸዳጃ ቤት ሲሠራ በእንጨቱ ወለል ፋንታ የአርማታ ሶሌታ ጭኗል። እንግዲህ «መቶ ዓመት ቆሟል» የምንለው ቤት፣ እንዲህ ተቦርቡሮና ተጭኖ የቆመው ምናልባት ሃያ ዓመት ብቻ ነው። የዛሬውን ቤት ጥንካሬ በአያቱ ስም መመስከር አይቻልም።

*«አሮጌ ነው» ማለትም መለኪያ አይደለም*

እዚህ ላይ «አላልንህም? አሮጌ ስለሆነ ይፍረስ!» የሚሉ ወገኖች ደስ እንዳይላቸው እሰጋለሁ። የእነርሱ ክርክር ከእኔው የተሻለ አይደለም። ዕድሜን ማስረጃ ያደረገ ክርክር፣ ለመደገፍም ይዋል ለመቃወም፣ ግድግዳውን ሳያዩ የሚናገሩት ነገር ነው።

በኒው ዚላንድ የደረሰውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 2011 የክራይስትቸርች ከተማ በ6.3 ርዕደ መሬት ስትመታ 185 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ መካከል ወደ አርባ የሚጠጉት የሞቱት የብረት ማጠናከሪያ በሌላቸው የጡብና የድንጋይ ሕንፃዎች መፍረስ ነው። አብዛኞቹም ሕንፃዎቹ ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ እያለፉ ሳለ የግንብ ግንባር ወርዶባቸው ነው። ይህን የማንሳት መብት ያለው ሰው ግን የቀረውንም ማንሳት ይገባዋል። በአንድ ሕንፃ ብቻ 115 ሰዎች አልቀዋል። ያ ሕንፃ አሮጌ ግንብ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ የተሠራ የአርማታ ሕንፃ ነበር። ከወራት በፊት፣ በመስከረም 2010፣ ከደረሰው ትልቅ ርዕደ መሬት በኋላ በፍጥነት ታይቶ የአረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎለት ነበር። «አዲስ ነው፤ ደኅና ነው» ማለት ከ«አሮጌ ነው፤ አደገኛ ነው» እኩል ያሳስታል።

ሌላው ምሳሌ ከጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2016 በመካከለኛው ጣሊያን የደረሰው ርዕደ መሬት አማትሪቼን አወደማት፤ በአካባቢው ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ኖርቻ የተባለችውም ጥንታዊ ከተማ ሩቅ አልነበረችም። የእርሷም ቤቶች ድንጋይ ናቸው፤ የእርሷም ቤቶች አሮጌ ናቸው። በዚያች ሌሊት ግን በኖርቻ የሞተ ሰው አልነበረም። ኖርቻ ከ1979ኙና ከ1997ቱ ርዕደ መሬቶች በኋላ ብዙ ቤቶቿን መርምራ አጠናክራ ነበርና። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት የድንጋዩ ዕድሜ አልነበረም፤ ድንጋዩን ያሰረው ሥራ ነበር። ሆኖም ኖርቻም ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ጥቅምት 30 ቀን በዚያው ዓመት 6.5 የሆነ ርዕደ መሬት ሲመታት፣ በአደባባይዋ ያለው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ለፊቱ ግንብ በቀር ፈረሰ። የአንዱ ሕንፃ ደኅንነት ለጎረቤቱ ዋስ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ሕንፃ ለየብቻው ይጠየቃል።

*ግድግዳ እንዴት ይጠየቃል?*

«ግድግዳ ይጠየቃል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ይጠየቃል፤ ይመልሳልም። እኔ የሕንፃ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ከቀዩ ምልክት በኋላ አንድ መሐንዲስ ወዳጄን ለምኜ አክስቴ ቤት ወሰድሁት፤ ከእርሱ የተማርሁትን በአቅሜ አካፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ ያስረዳኝ ይህን ነው። የግንብ ድንጋይ ከላይ ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲጎትቱት ግን ወዲያው እጁን ይሰጣል። ርዕደ መሬት ደግሞ ሕንፃን ወደ ጎን የሚገፋና የሚጎትት ኃይል ነው፤ ሕንፃው በከበደ መጠን የሚደርስበት ኃይልም ይበረታል። ክዳን የሌለው የካርቶን ሣጥን ጎኑን ሲገፉት ይጣመማል፤ ክዳኑን ዘግተው ማዕዘኖቹን ቢያስሩት ግን ያው ካርቶን ጽኑ ይሆናል። የድንጋይ ቤትም እንዲሁ ነው። አራቱ ግድግዳዎች በማዕዘን ከተሳሰሩ፣ ወለሉና ጣሪያውም ግድግዳዎቹን ከያዙ፣ ቤቱ እንደ አንድ አካል ይወዛወዛል። ካልተሳሰሩ ግን እያንዳንዱ ግድግዳ ብቻውን ቆሞ ብቻውን ወደ ውጭ ይወድቃል። በክራይስትቸርች በመንገደኞች ላይ የወረደው እንዲህ ያለው ግድግዳ ነበር።

ስለዚህ መርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዓመቱ ነው?» አይደለም። ማዕዘኖቹ ተቆላልፈዋልን? የወለሉ አግዳሚ እንጨት ከግንቡ ጋር ታስሯል ወይስ ዝም ብሎ ተደግፏል? ወፍራም የመሰለው ግንብ በእርግጥ አንድ ግንብ ነው ወይስ ሁለት ስስ ግንቦች ሆኖ መካከሉ በጠጠርና በአፈር የተሞላ ነው? ከፊት እስከ ኋላ ዘልቀው ሁለቱን ፊቶች የሚያስሩ ድንጋዮች አሉትን? ማያያዣው ጭቃ ነው፣ ኖራ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ከጣሪያ በላይ ብቻውን የቆመ ግንብ አለን? መሠረቱ ያረፈው በዓለት ላይ ነው ወይስ ክረምት በሚያብጠውና በጋ በሚሰነጠቀው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ? በመጨረሻም፣ ማን መቼ ምን ለወጠበት? ይህን የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ መዛግብት ሳይሆኑ እንደ አክስቴ ያሉ ነዋሪዎች ናቸው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያ አለ። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የግንቡን ሆድ ማየት ይቻላል። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ውስጥ ስስ የብረት ከረጢት ከትቶ በዘይት ግፊት እየነፉ፣ ግንቡ ምን ያህል ሸክም እንደያዘና ምን ያህል እንደሚችል መለካት ይቻላል። ሕንፃው ከመኪናና ከነፋስ የተነሣ በየደቂቃው የሚያደርገውን ለዓይን የማይታይ መወዛወዝ መዝግቦ ባሕርዩን ማወቅ ይቻላል። እነዚህ ውድ ናቸው ቢባል፣ ርካሹም አለ። ቱምቢ፣ መዶሻ፣ ልስኑን በአንድ ክንድ ስፋት መፋቅ። በስንጥቅ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ሕያው ነው ማለት ነው። ይህንን የመንደር ግንበኛ ያውቀዋል። መስከረም ላይ የመጡት ሰው አንድ እፍኝ ጀሶ ለጥፈው ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት ለአክስቴ ጥያቄ መልስ ይሰጥ ነበር።

ወዳጄ የነገረኝ ሌላ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስደንቆኛል። አውሮፓውያን ነባር ሕንፃዎችን የሚመረምሩበት ደንባቸው ለአለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። መርማሪው ስለ ሕንፃው ያለው ዕውቀት ውሱን ከሆነ፣ የግንቡን ጥንካሬ በ1.35 አካፍሎ እንዲያሰላ ይገደዳል፤ መካከለኛ ዕውቀት ካለው በ1.20፣ ሙሉ ዕውቀት ካለው በ1.00። ይህም ማለት ባላወቅህ መጠን ሕንፃው ደካማ እንደሆነ አድርገህ አስብ፤ ደካማ አይደለም ማለት ከፈለግህ ሂድና መርምር ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ግን አለማወቅ ነጻ ነው። እንዲያውም ያላወቀ ሰው ይበልጥ በድፍረት ይፈርዳል።

ምርመራ ራሱ የሕይወት ዋጋ የሚጠይቅበት ጊዜም እንዳለ አልዘነጋሁም። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ እዚህ ደመራ በምንደምርበት ዕለት፣ በጣሊያን አሲዚ ሌሊት ርዕደ መሬት ደረሰ። በጥዋቱ የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ቤተ ክርስቲያን ጉዳት ለማየት ሰዎች ገቡ። ከቀትር በፊት ሁለተኛው ንቅናቄ መጣና የጣሪያው ቅስት ተደርምሶ ሁለት መነኮሳትና ሁለት ባለሙያዎች ሞቱ። በኋላ ሲመረመር ከቅስቱ በላይ፣ ከሥር ሆኖ ቀና የሚል ሰው ሁሉ በማያየው ስፍራ፣ ለዘመናት የተጠራቀመ ፍርስራሽ ክብደት ለውድቀቱ ትልቅ ምክንያት እንደሆነ ታወቀ። ከሥር ሆነው ሥዕሉን ያደነቁ ሚሊዮኖች ነበሩ፤ አደጋው ግን ከሥዕሉ በላይ ነበር። ከመንገድ ላይ ቀና ብሎ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ እጁ ቀለም ለማንሳት በፈራ ነበር።

*ፍርዱ የማን ነው?*

አሁን ወደ ፖለቲካው እንምጣ፤ ጉዳዩ ከጅምሩ ፖለቲካ ነውና።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ከአሮጌዎቹ የአራዳ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው መንግሥት ነው። ባለቤት ማለት ኪራይ የሚሰበስብ ብቻ ሳይሆን ቆርቆሮ ሲያፈስ የሚቀይር ነው። ተከራዩ ቤቱ የእርሱ አይደለምና አያድሰውም፤ አከራዩም የሚሰበስበው ኪራይ ለአንድ ጆንያ ኖራ አይበቃምና አያድሰውም። ሃምሳ ዓመት ውሃ ሲጠጣ የኖረን ግድግዳ ባለቤቱ መጥቶ «አርጅተሃል» ቢለው፣ ግድግዳው አፍ ቢኖረው ምን ይል ነበር?

ከየካቲትና ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ ሰፊ ቦታ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ ያንን ክርክር አልደግመውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእንግዲህ ማንኛውም ነባር ሕንፃ «ለደኅንነት ሲባል» የሚፈርስ ከሆነ፣ የደኅንነቱ ምርመራ የት አለ? «ቅርስ ነውና አይነካ» ተብሎ ሰዎች እንዲኖሩበት የሚተው ከሆነስ፣ ምርመራው የት አለ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ ይናገራል፤ የሕንፃ ደንቦቻችንም ስለ ርዕደ መሬት ይናገራሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣው ደንብ ወደ 2015ቱ ስንሸጋገር ለአዲስ አበባ የተሰጠው የስጋት ደረጃም ከፍ ብሏል። ነገር ግን የአዲስ ሕንፃ ደንብ የሚያስበው ገና ስላልተሠራው ነው። ሰው ዛሬ ማታ ስለሚተኛበት አሮጌ ግንብ ተጠያቂ ሆኖ የቀረበ አካል አላየሁም።

በእኔ እምነት የሚያስፈልገን እጅግ የረቀቀ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ የሚመረምረውና ከቦታው የሚጠቀመው አንድ አይሁን። የመሬቱን ዋጋ የሚያሰላ እጅ የግድግዳውን ጥንካሬ ሊያሰላ አይገባም። እንዲሁም ቅርሱ እንዲቆም የሚሟገተው ሰው፣ እንደ እኔ ያለው ማለት ነው፣ ዳኛ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ፍርዱ በጽሑፍ ይሁን። ምን ታየ? በምን ታየ? ምን አልታየም? ማን ፈረመ? ግልባጩ ለነዋሪው ይድረስ። ቀይ ቀለም ፊርማ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መልሱ «ይፍረስ» እና «ይቁም» ብቻ አይሁን። በመካከል «ይህ ይነሣ፣ ያ ይታሰር፣ እስከዚያው በዚህ በር አትውጡ» የሚል ሰፊ ሜዳ አለ። ብዙ ሰው የሚድነውም በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ የለም ከተባለ ከርካሹ እንጀምር። ከጣሪያ በላይ ብቻውን የቆመን ግንብ ማሰር፣ ወለሉን ከግድግዳው ጋር በብረት ማያያዝ፣ ቆርቆሮን ማደስ ሕንፃ ከማፍረስና ከመሥራት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ትክክለኛ ተቃውሞ አልሸሽም። ኒው ዚላንድ ከአዲስ ሕንፃ መለኪያ 34 በመቶ የማይደርስ ነባር ሕንፃ እንዲመዘገብና ማስታወቂያ በበሩ ላይ እንዲለጠፍ የሚያዝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ አዋለች። የማጠናከሪያው ወጪ ባለቤቶችን እጅግ ስላስመረረ በ2025 መንግሥቷ ሥርዓቱን እንደሚያሻሽል አስታወቀ። ባለጸጋዋ አገር የከበዳት እኛን እንዴት አይከብደን? ይከብደናል። ነገር ግን የኒው ዚላንድ ክርክር ከተመረመረ በኋላ «ማን ይክፈል?» የሚል ነው። ያን ክርክር እኛም ብንደርስበት እወዳለሁ። የእኛ ክርክር ገና «ይታይ ወይስ አይታይ?» ከሚለው አልወጣም። ማየት ደግሞ ከማጠናከር እጅግ ይረክሳል።

ሳይመረምሩ ማጠናከርም አደጋ አለው። በጣሊያን ርዕደ መሬቶች እንደታየው፣ በደካማ የድንጋይ ግንብ አናት ላይ ለማጠናከር ተብሎ የተጫነ ከባድ የአርማታ ጣሪያ ብዙ ቦታ ግንቡን ይዞት ወርዷል። በቅን ልቦና የተሠራ ስሕተት ነበር። ቅን ልቦና ቱምቢን አይተካም።

*ወዳጄ ያገኘው*

አሁን ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ።

ወዳጄ አንድ ሙሉ ቀን ዋለ። በሦስት ቦታ ልስኑን ፋቀ። በጀርባ በኩል ያሉት ማዕዘኖች በትልልቅ ድንጋይ ተቆላልፈው የተሠሩ፣ ማያያዣቸው ኖራ የተቀላቀለበት፣ ቱምቢ ቢጣልባቸው ቀጥ ያሉ ሆነው ተገኙ። «እነዚህን የሠራ ግንበኛ እጁ ይባረክ» አለ። የመንገዱ በኩል ግንብ ግን ሌላ ነበር። ማያያዣው ጭቃ ነው፤ ጣቱን ሲከት እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ግንቡ ከጎን ግድግዳዎች ጋር በሚገናኝበት ከላይ ወደ ታች የሚሰፋ ስንጥቅ አለ። ከጣሪያው በላይ የቆመው ያ የምወደው ዘውድ ደግሞ ከምንም ጋር አልታሰረም። ልክ ከበሩ በላይ ነው፤ ርዕደ መሬት ሲመጣ ሰው ሮጦ ከሚወጣበት በር በላይ።

ያን ጊዜ የመስከረሙ ምሽት ትዝ አለኝ። በስልክ «ወጥተዋል?» ብዬ የጠየቅኋቸው እኔ ነበርሁ። አክስቴ ሰምተውኝ በዚያ በር ሮጠው ወጥተው ቢሆን፣ ንቅናቄውም ትንሽ በርትቶ ቢሆን፣ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ እጽፈው ነበር። አልወጡም ብዬ ተጽናንቼ የተኛሁትም እኔው ነበርሁ። አንዱንም ሌላውንም ያልሁት ሳላውቅ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ተሳስተዋል፤ ቤቱ «ምንም ያልሆነ» አይደለም። የኋለኞቹም ተሳስተዋል፤ ቤቱ በሞላው ለመፍረስ የተፈረደበት አይደለም። እኔም ተሳስቻለሁ። ወዳጄ ያየውን በሁለት ገጽ ጽፎ ፈረመበት፤ ያላየውንም «አላየሁም» ብሎ ጻፈ። መሠረቱን አልቆፈረም፤ ይህንኑ አልሸሸገም። የመከረው ዘውዱ በጥንቃቄ እንዲወርድ ወይም ከኋላ በብረት እንዲታሰር፣ የፊቱ ግንብ ከጎኖቹ ጋር እንዲያያዝ፣ እስከዚያው ድረስ የጓሮው በር እንዲከፈትና መግቢያ መውጫው በዚያ እንዲሆን ነው።

ሁለቱን ገጽ ይዤ ወደሚመለከተው ክፍል ሄድሁ። ተቀበሉኝ፤ «ይታያል» አሉኝ። እስከ ዛሬ እየታየ ነው። ቀዩ ምልክት አለ፤ ዘውዱም አለ። የጓሮውን በር ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነን ከፍተነዋል። አክስቴም በዚያ ይገባሉ፣ በዚያ ይወጣሉ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ባለፈው ስጠይቃቸው፣ «እኔ የምፈልገው ይቁም ወይም ይፍረስ ማለትህን አይደለም። አንድ ሰው በእጁ ነክቶት፣ እውነቱን እንዲነግረኝ ነው።»

ከዚህ የበለጠ የምጨምረው የለኝም። ውድ አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም በአሮጌ ግንብ ውስጥ የምትኖሩ፣ የምትሠሩ ወይም የምታስቀድሱ ከሆነ፣ ዛሬ ከበራችሁ ውጡና ከበሩ በላይ ቀና ብላችሁ እዩ። ያያችሁትን በወረቀት ጻፉት፤ ቀኑንም አትርሱ።

ቸር ይግጠመን።